ምዕራፍ 5፦ ፈታኙ የሚሰማው

እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የቤተሰባቸው ቤት ተቀምጠው፣ ፒያኖ እየመቱ ያዜሟቸውን ዜማዎች በተራ የካሴት ቴፕ ይቀዱ ነበር። ስቱዲዮ የለም፣ የድምፅ ባለሙያ የለም፤ ቴፑና ፒያኖው ብቻ። ካሴቶቹ እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ2023 በ99 ዓመታቸው ካረፉ በኋላ፣ በ2024 «ሱቬኒርስ» በሚል ርዕስ አልበም ሆነው ወጡ። በጥሞና ያዳመጠ ሰው ከመስኮቱ ውጭ የሚንጫጩ ወፎችን ይሰማል። እኔ በበኩሌ ወፎቹ ባይኖሩ ቅር ይለኝ ነበር።

ያው ካሴት ለሙዚቃ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ተልኮ ቢሆን ግን ወፎቹንም ቴፑንም ሌላ ፍርድ ይጠብቃቸው ነበር። አልበም የሚያዳምጥ ሰው ሙዚቃውን ፈልጎ ነው የሚቀመጠው። ፈታኝ የሚቀመጠው ተጫዋቹን ለማወቅ ነው፤ ጣቱ ለስላሳውን ምት ከብርቱው ይለያል ወይ፣ ቅኝቱ እስከ መጨረሻው ይጸናል ወይ፣ ከባዱ ቦታ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይንሸራተታል ወይ፣ ድምፁ የራሱ ቀለም አለው ወይ። ከእነዚህ አንዱን የሚሸፍን ቀረጻ፣ ለጆሮ የቱንም ያህል ቢጥም፣ ተጫዋቹን ይጎዳዋል።

ዛሬ ይህ ጉዳይ የጥቂቶች ብቻ አይደለም። ብዙ የውጭ አገር የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች አመልካቹን ለቀጥታ ፈተና ከመጥራታቸው በፊት በቪዲዮ ያጣራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ አዳራሾችን ሲዘጋ ደግሞ ፈተናቸው ሙሉ በሙሉ በቪዲዮ የሆነባቸው ብዙ ነበሩ። ባንድ የሚያሟላም፣ ለፌስቲቫል ተጫዋች የሚመርጥም፣ የነፃ ትምህርት ዕድል የሚሰጥም «ቪዲዮ ላክልን» ማለት ለምዷል። ስለዚህ አንድ ወጣት ክራር ተጫዋች ገና ስም ሳያወጣ የራሱ ቀራጭ መሆን ግድ ሆኖበታል። ገንዘቡን ይዞ ሱቅ ሲገባ ግን ሻጩ የሚያሳየው የዘፋኝ ስቱዲዮ ዕቃ ነው፤ አልበም ለመሥራት የታሰበ።

ለኦዲሽን ዕቃ ለመምረጥ የሚበጀው ጥያቄ ሌላ ነው፦ አሁን በእጄ ያለው ቀረጻ ስለ አጨዋወቴ ምን ይዋሻል? ገንዘቡ ትልቁን ውሸት ወደሚያርመው ነገር ይሂድ፤ ቀጥሎ ወደ ሁለተኛው። በዚህ መንገድ ከሄድን የመጀመሪያዎቹ ሁለት እርማቶች ከሞላ ጎደል ምንም እንደማያስወጡ እናያለን።

ስልኩ ምን ይዋሻል?

በስልካችሁ ውስጥ ያለችውን ማይክ በመጠኗ አትናቁ። ጄምስ ዌስትና ጌርሃርድ ሴስለር እ.ኤ.አ. በ1962 ቤል ላብስ ውስጥ ኤሌክትሬት ማይክሮፎንን ከሠሩ ወዲህ፣ ትንሽና ርካሽ ማይክ የግድ መጥፎ ማይክ መሆኑ ቀርቷል። የአሁኖቹ ስልኮች ከዚያም ያነሰ፣ በሲሊኮን ላይ የሚሠራ ማይክ ነው ያላቸው፤ ድምፅ አቀባበሉም ከተጠበቀው በላይ ነው። ችግሩ ያለው ከማይኳ በኋላ ነው። ስልክ ለንግግር የተሠራ ዕቃ ስለሆነ፣ ሰው ሲያንሾካሹክ ድምፁን ከፍ፣ ሲጮህ ዝቅ እያደረገ ሁሉንም ወደ አንድ ደረጃ ያመጣል። ለስልክ ጥሪ ይህ ጥሩ አገልግሎት ነው።

ክራር ላይ ግን ጉዳት ነው። በግርፍ የሚመታ ክራር ክፍሉን ይሞላል፤ ወደ ድርድር ሲመለስ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው እንኳ ጆሮውን ማቅናት አለበት። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት መግዛት መቻል የተጫዋቹ ችሎታ አንድ ትልቅ ክፍል ነው። ስልኩ ግርፉን ይጫነዋል፣ ድርድሩን ያነሳዋል፤ ከድርድሩ ጋር የግድግዳውን ሹክሹክታና የጎረቤቱን ቴሌቪዥንም ያነሳል። ፈታኙ ጋ የሚደርሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ኃይል ያለው አጨዋወት ይሆናል፤ ማስታወሻው ላይም «ለስላሳና ብርቱ አይለይም» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም። የበገና ተጫዋች ደግሞ ሌላ ዕዳ አለበት፤ ስልኩ የነፋስና የመኪና ጉርምርምታ ለማጥፋት ሲል ወፍራሙን ድምፅ ከሥሩ ይቆርጥበታል። የሚቀረው የእንዝራው ንዝረት ብቻ ነው፤ በገናው የቀጠነ ይመስላል።

ለዚህ ውሸት መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ በነፃ ይገኛል። አንድሮይድ ስልክ ላይ ኦፕን ካሜራ የተባለው ነፃ መተግበሪያ የድምፅ ምንጭ ምርጫ አለው፤ ከምርጫዎቹ አንዱ ስልኩ ድምፁን ሳያስተካክል እንዲቀዳ የሚጠይቅ ነው። ሁሉም ስልክ አይታዘዘውም፤ ግን መሞከር ምንም አያስወጣም። አይፎን ላይ የቮይስ ሜሞ ቀረጻ በተለምዶ የታመቀ ነው፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሎስለስ ወደሚለው ብትቀይሩት ይሻላል። ሙከራው ቀላል ነው፦ በጣም ለስላሳ አድርጋችሁ ተጫወቱ፣ ወዲያው በሙሉ ኃይል፣ ተመልሳችሁ ለስላሳውን። ከብርቱው ቀጥሎ ያለው ለስላሳ ድምፅ መጀመሪያ ተውጦ ቆይቶ እየጎላ ከመጣ፣ ስልኩ አሁንም እጁን እያስገባ ነው።

ክፍሉ

ሁለተኛው ውሸት፣ አብዛኛውን ጊዜም ትልቁ፣ የክፍሉ ነው። ማይክ ፊት ስትጫወቱ ሁለት ድምፅ ይገባል፤ ከመሣሪያው በቀጥታ የሚመጣውና ግድግዳ፣ ወለልና ጣሪያ ነክቶ የሚመለሰው። ቀጥታው ከመሣሪያው በራቃችሁ መጠን ይደክማል፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከግድግዳ የሚመለሰው ግን ክፍሉ ውስጥ የትም ብትቆሙ ያን ያህል አይለወጥም። ስለዚህ ማይኩን ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር፣ ከ1 ሜትር ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ስታቀርቡት፣ ሳንቲም ሳታወጡ ከክፍሉ 12 ዴሲቤል ታተርፋላችሁ። በሱቅ ይህን ያህል ልዩነት የሚገዛ ዕቃ በቀላሉ አይገኝም። ቪዲዮ በስልክ የሚቀርጹ ሰዎች ሙሉ ቁመታቸው እንዲታይ ብለው ስልኩን ክፍሉ ጥግ ሲያቆሙት፣ ማይኩም አብሮ ጥግ መቆሙን ይረሱታል።

ክፍሉን ለማወቅ መሀል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። በሴራሚክ ወለልና በልስን ግድግዳ መካከል፣ በተለይ ገና ዕቃ ባልገባበት የኮንዶሚኒየም ሳሎን፣ ጭብጨባው «ትርርር» ብሎ ሲንቀጠቀጥ ትሰማላችሁ። በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል የሚመላለስ ድምፅ ነው። ማሲንቆ ላይ ሲያርፍ የደጋኑን አጀማመር ያደበዝዛል፤ አዲስ ኖታ የጀመረበትና ያለፈው ያለቀበት ጊዜ ይቀላቀላል። ፈታኙ ቅኝቱ የተዛነፈ ሊመስለው ይችላል፤ እውነቱ ግን ያለፈው ኖታ ገና ከግድግዳው አልተመለሰም። ኮርኒሱ አቡጀዲ የሆነ አሮጌ ጭቃ ቤት ያላችሁ፣ አልጋና ቁም ሳጥን የሞላበት መኝታ ክፍል ያላችሁ፣ ከአዲሱ ሳሎን ይልቅ እዚያ ቅረጹ።

የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ የመለጠፉን ልማድ ስንት የሰፈር ስቱዲዮ ውስጥ አይቼ ዝም ብያለሁ፤ እዚህ ግን ልናገር። ካርቶኑ ቀጭን ስለሆነ ከከፍተኛው ድምፅ ጥቂቱን ቢበትን ነው፤ የውጭ ድምፅ አያስቀርም፣ ወፍራሙንም ድምፅ አይነካም። በዚያ ላይ እሳት ይወዳል። በእሱ ፋንታ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ሁለት የታጠፈ ጋቢ፣ ወይም በቁሙ የተደገፈ ስፖንጅ ፍራሽ ይሥራ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ብልሃት አለ፦ ብርድ ልብሱን ግድግዳው ላይ አትለጥፉት፤ በገመድ አንጠልጥላችሁ ከግድግዳው 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር አርቁት። አየር በብዛት የሚወዛወዘው ከግድግዳው ከሞገዱ ርዝመት ሩብ ያህል ራቅ ብሎ ነው፤ ግድግዳው ላይ አየሩ ስለማይንቀሳቀስ ጨርቁ የሚይዘው ነገር የለውም። ድግግሞሹ 1000 ኸርዝ የሆነ ድምፅ ሞገዱ 34 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሩቡ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። የ100 ኸርዙ ግን 3 ሜትር ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ ሩቡም 85 ሴንቲ ሜትር። ለዚህ ነው በብርድ ልብስ ባስ የማይገደለው። በገና፣ ቤዝ ጊታርና ከበሮ የሚቀርጽ ሰው ከክፍሉ ጥግ ይራቅ፤ ወፍራም ድምፅ የሚከማቸው ጥግ ላይ ነውና። ከዚያ በኋላ ጥቂት ቢያጉረመርም ይታገሡት።

ብርድ ልብሱ የሚሰቀልበት ቦታም አለው። ካርዲዮይድ የሚባለው የተለመደው ማይክ በፊቱ ያለውን ሰምቶ ከኋላው ለሚመጣው ጆሮውን ይዘጋል። ስለዚህ ብዙ የሚጠቅመው ከማይኩ ኋላ የተሰቀለው ሳይሆን ከተጫዋቹ ጀርባ ያለው ጨርቅ ነው፤ ማይኩ የሚያየው ግድግዳ እሱ ነው። ወለሉ ላይ ምንጣፍ፣ ከተጫዋቹ ጀርባ ብርድ ልብስ፤ ለብዙ ቤት ይህ ይበቃል።

የውጭው ድምፅ ሌላ ነገር ነው። የአዲስ አበባ ሰፈር የራሱ ሰዓት አለው፤ ሌሊት የውሻ ጩኸት፣ ንጋት ላይ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ፣ ረፋድ ላይ «ቁራሌው» የሚለው ሰውዬ፣ ከሰዓት ከትምህርት ቤት የተለቀቁ ልጆች። የፈተናው ቀነ ገደብ ሳይደርስ ጥቂት ቀን ሰፈሩን አድምጡና ጸጥ የሚልበትን ሰዓት ያዙ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያላችሁ በክረምት ከሰዓት ቀጠሮ አትያዙ። ፍሪጁን ከሶኬቱ ንቀሉት፤ ቀረጻው ሲያልቅ መልሳችሁ እንድትሰኩት ደግሞ የቤቱን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ። ቁልፉን ፈልጎ ፍሪጁን የማይከፍት የለም።

አሁን ወደ ሱቅ

ክፍሉና ርቀቱ ከተስተካከሉ፣ ስልኩም እጁን ከሰበሰበ በኋላ የቀረው ውሸት ምን እንደሆነ ይሰማል። ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ስልኩ ሊታዘዝ አልቻለም፣ ወይ ማይኩ ካሜራው በቆመበት ሩቅ ቦታ መቅረቱ መፍትሔ አጥቷል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚፈታው ዕቃ ሱቅ ውስጥ በጉልህ የማይታየው ነው፦ በእጅ የሚያዝ ትንሽ የድምፅ መቅረጫ። ዙም ኤች 1 ኤን፣ እሱን የተካው ኤች 1 ኢሴንሻል፣ የታስካም ዲአር-05 ኤክስ የዚህ ወገን ናቸው፤ አሜሪካ ውስጥ ዋጋቸው በ100 ዶላር ዙሪያ ነው። ሁለት ማይክና መቅጃው አንድ ላይ ናቸው። በተራ ባትሪ ድንጋይ ስለሚሠሩ መብራት ሄደ ተብሎ ቀረጻ አይቋረጥም። ስልኩ ሩቅ ቆሞ ምስሉን ይይዛል፣ መቅረጫው 60 ሴንቲ ሜትር ቀርቦ ድምፁን ይይዛል። ሲያስፈልግም በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ እንደ ማይክ ያገለግላል። ለክራር፣ ለማሲንቆ፣ ለዋሽንት፣ ለሳክስፎን፣ ለፒያኖ የመጀመሪያ ግዢያችሁ ይህ ይሁን ብዬ ስመክር አላመነታም።

ሱቁ የሚያሳያችሁ ግን ምናልባት ሌላ ነው። ቢኤም-800 የሚል ስም የተጻፈበት ኮንደንሰር ማይክ፣ የሚታጠፍ ክንድ፣ የስፖንጅ ቆብ፣ ቪ8 የተባለች ብዙ ቁልፍ ያላት ሳውንድ ካርድ፤ ሁሉም በአንድ ካርቶን። ቪ8 ለቀጥታ ሥርጭት የተሠራች ናት፤ የጭብጨባና የሳቅ ድምፅ የሚያወጡ ቁልፎች አሏት፣ ድምፅ ትለውጣለች፣ ማስተጋባት ትጨምራለች። ለቲክቶክ ያዝናናል። ለፈተና ግን የምንሸሸውን ሁሉ በአንድ ሣጥን ሰብስባለች። ማይኩም ቢሆን ገመዱ ኮምፒውተሩ የማይክ ቀዳዳ ላይ በቀጥታ ሲሰካ የሚያገኘው ጥቂት ቮልት ነው፤ ኮንደንሰር ማይክ በደንብ የሚሠራበት ፋንተም ፓወር ደግሞ 48 ቮልት ነው። ከጀርባ የሚሰማው «ሽሽሽ» በከፊል ከዚያ ይመጣል።

የተሻለ አቅም ያለው ሰው ወደ እውነተኛው ኮንደንሰርና ሳውንድ ካርድ ይሄዳል፤ እዚህም ቢሆን ገንዘብ በከንቱ የሚፈስበት ቦታ አለ። ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲ2020 በ100 ዶላር ዙሪያ የሚሸጥ ማይክ ነው፤ ከራሱ የሚያወጣው ጫጫታ 20 ዴሲቤል ነው። የሮድ ኤንቲ1 ዋጋው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ ጫጫታው 4 ዴሲቤል ብቻ ነው። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ነገር ግን በሌሊት እንኳ ጸጥ ያለ የሚባል መኝታ ክፍል 30 ዴሲቤል ገደማ አለው። የክፍሉ ጫጫታ ከማይኩ በላይ ሆኖ ሳለ ለጸጥተኛው ማይክ የሚከፈለው ትርፍ ገንዘብ የት እንደሚገባ አይታወቅም። በዚያ ገንዘብ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስና ጠንካራ የማይክ ስታንድ ይገዛል።

ለዘፋኝ፣ በተለይ ጎረቤት በበዛበት ግቢ ለሚኖር፣ ዳይናሚክ ማይክ ይሻላል ባይ ነኝ። የሹር ኤስኤም57 (እ.ኤ.አ. 1965) እና ኤስኤም58 (1966) ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በመድረክና በስቱዲዮ ሲያገለግሉ ኖረዋል። ለድምፅ ያላቸው ንቃት ከኤቲ2020 ጋር ሲነጻጸር ከ17 ዴሲቤል በላይ ያንሳል፤ ይህ ቤት ውስጥ ጉድለት አይደለም፤ ከአፍ ቀርቦ ሲያዝ የሩቁን ጫጫታ የሚተወውም በዚያ አያያዙ ነው። በተቃራኒው ለድርድር ክራር ወይም ለበገና ደካማ ነው፤ ድምፁን ለማንሣት ጌይኑን እስከ ጫፍ ስታዞሩት የርካሽ ሳውንድ ካርድ ጫጫታ አብሮ ይነሣል። ሌላው ጥንቃቄ ኤስኤም58 በዓለም ላይ ሐሰተኛ ቅጂ በብዛት ከሚሠራባቸው ማይኮች አንዱ መሆኑ ነው። እውነተኛው ያለ ገመድ 298 ግራም ይመዝናል። ሱቁ ውስጥ ሚዛን ካለ አስቀምጡት፤ በብዙ ግራም ከቀለለ ዋጋውን ሳትጠይቁ ውጡ።

ሳውንድ ካርዱ ላይ አትጨነቁ። በእኛ አገር ሙዚቀኞች ሳውንድ ካርድ የምንለው ይህ ሣጥን የማይኩን ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ነው። የቤሪንገር ዩኤም2 በ50 ዶላር ገደማ አንድ ማይክ ይቀበላል፣ 48 ቮልትም ይሰጣል። በ16 ቢት ነው የሚቀዳው፤ ያ በሒሳብ ደረጃ 96 ዴሲቤል ስፋት ይሰጣል፤ የመኝታ ክፍላችሁ ስፋት ከዚያ በታች ነው። የፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ ዋጋው ከዚህ ከእጥፍ በላይ ነው፤ ማጉያው የጸዳ ስለሆነ ለዳይናሚክ ማይክ ልዩነቱ ይሰማል፣ ለኤቲ2020 ግን ያን ያህል አይደለም። ቀረጻውን ለመያዝ አውዳሲቲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል፤ ማክ ያለው ጋራጅባንድ አለው።

ከውጭ አገር ዘመድ ዕቃ የሚያመጣላችሁ ከሆነ በዩኤስቢ ብቻ የሚሠራውን ምረጡ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው፤ የራሱ አስማሚ ያለው ዕቃ ለአንዱ ብቻ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ዩኤስቢ ግን የትም 5 ቮልት ነው። ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ብሎ ሲደውል «ጥሩ ማይክ» ማለት አደጋ ነው፤ የዕቃውን ሙሉ ስምና ቁጥር በጽሑፍ ላኩ።

በጀቱ ሲያልቅ የሚቀሩት ሁለት ነገሮች፣ ጆሮ የሚሸፍን ሄድፎንና ስታንድ፣ መቅረት የሌለባቸው ናቸው። ሄድፎኑ ለሙዚቃው ሳይሆን ለስህተቱ ነው፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ ያልሰማችሁትን የፍሪጅ ጉርምርምታ ፈታኙ በሄድፎኑ ይሰማዋል። ስታንዱ ደግሞ ማይኩን ከጠረጴዛ ያወጣዋል፤ ጠረጴዛ ድምፅ ይመልሳል፣ የእግር ምትንም እንደ ከበሮ ያቀብላል። ስታንዱ ሥር የታጠፈ ጋቢ ቢገባ ደግሞ ሳታውቁ በእግራችሁ የምትመቱት ምት ይቀራል።

ማይኩ የት ይቁም?

ይህ የምዕራፉ ዋና ቦታ ነው፤ በትክክል የቆመ የ100 ዶላር መቅረጫ በስህተት ከቆመ የ500 ዶላር ማይክ ይበልጣል። ማሲንቆ ድምፁን የሚሰጠው ከቆዳው ፊት ነው፤ የፈረስ ጭራው ክሩን የሚፍቅበት ቦታ ደግሞ የፉጨትና የፍቅፍቅ ድምፅ ያወጣል። ማይኩን 50 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ከደጋኑ መስመር ጥቂት ወደ ቆዳው ዘንበል አድርጉት። ፍቅፍቅታው ጨርሶ ከጠፋ ግን አቅርባችሁ ወደ ደጋኑ መልሱት፤ ያለ እሱ ማሲንቆ ማሲንቆ አይመስልም፣ ፈታኙም የደጋን እጃችሁን አያውቅም። ክራርም እንዲሁ ነው፤ ከሣጥኑ ፊት 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር፣ ከሚመታው እጅ ጥቂት ወጣ ብሎ። ግርፍ ለሚበዛበት ዘፈን ጥቂት ራቁ።

ለበገና ቀረብ ስትሉ እንዝራው ይጎላል፣ ስትርቁ ክፍሉ ይውጠዋል። በ50 እና በ80 ሴንቲ ሜትር መካከል፣ ከሣጥኑ ፊት ለፊት፣ ማይኩን ከበርኩማው ከፍታ ብዙ ሳታርቁ ፈልጉት፤ ወፍራሙ ክርና ንዝረቱ በእኩል የሚሰሙበት ቦታ አለ። ጓደኛ ቢኖር ማይኩን እያንቀሳቀሰ እናንተ በሄድፎን ብታዳምጡ ቦታው በፍጥነት ይገኛል። ዋሽንት ላይ ማይኩን ትንፋሽ ከሚወጣበት ጫፍ ፊት አታቁሙ፤ ከጎን፣ ወደ ቀዳዳዎቹ መሀል። ሳክስፎን የያዘ ሰው ማይኩን የመሣሪያው አፍ ውስጥ መክተት ይወዳል፤ ድምፁ ግን ከቀዳዳዎቹ ሁሉ ነው የሚወጣው፤ 80 ሴንቲ ሜትር ርቆ ወደ መሀል አካሉ ያነጣጥር። በግድግዳ ተደግፎ የሚቆም ፒያኖ ከግድግዳው ጥቂት ይሳብ፣ የላይኛው ክዳኑ ይከፈት።

ዘፋኝ ከካርዲዮይድ ማይክ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲቆም ባሱ ይወፍራል፤ የሬዲዮ ጋዜጠኞች የሚወዱት ያ ነው። ፈታኝ ግን የደረታችሁን ትክክለኛ ስፋት ይፈልጋል። ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ «ጰ» እና «ፐ» እንዳይፈነዱ ከአፍ መስመር ጥቂት ወደ ጎን። ማሲንቆ እየመታ የሚዘፍን ሰው በሁለት ማይክ ከመጨነቅ ይልቅ አንድ መቅረጫ በደረት ከፍታ፣ 80 ሴንቲ ሜትር ላይ አቁሞ፣ የድምፁንና የማሲንቆውን ሚዛን ራሱ በአጨዋወቱ ይጠብቅ፤ ያም እኮ የአዝማሪ ሙያ አካል ነው።

የተቀዳ አጃቢ ይዞ የሚጫወት ሰው አጃቢውን በሄድፎን ቢሰማ ፈታኙ ጋ አይደርስም፤ በትልቅ ስፒከር ቢከፍት ደግሞ መሣሪያውን ይሸፍንበታል። ትንሽ ስፒከር ከካርዲዮይዱ ማይክ ኋላ ይቀመጥ፤ ማይኩ ጆሮውን በዘጋበት በኩል። አጃቢው ይሰማል፣ ግን ወደ ኋላ ርቆ።

የድምፅ መጠኑን ስታስተካክሉ የሙከራ ጨዋታችሁ ከሥራው ሁሉ ብርቱው ቦታ ይሁን። ከፍተኛው ጫፍ በ-12 እና በ-6 ዴሲቤል መካከል ይምታ። ዜሮን የነካ ድምፅ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ድምፅ አይጠገንም። ፈተና ላይ ሰው ከልምምዱ ይልቅ ጠንክሮ ይመታልና ጥቂት ቦታ ተዉለት። ኤች 1 ኢሴንሻል በ32 ቢት ፍሎት ስለሚቀዳ ይህ ጭንቀት የለበትም፤ በጣም ቢጎላም ቢያንስም በኋላ ይስተካከላል። ከጀርባ ወፍራም «እምምም» ከተሰማ የመብራቱ 50 ኸርዝ ነው፤ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ ቅረጹ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይጠፋል።

ከመላኩ በፊት

የምታመለክቱበትን ቦታ ደንብ ከመቅረጻችሁ በፊት አንብቡ። ብዙዎቹ እያንዳንዱ ሥራ ሳይቆራረጥ በአንድ ጊዜ እንዲቀረጽ፣ እጅና ፊት እንዲታዩ፣ ድምፁ እንዳይነካካ ይጠይቃሉ። በዚህ ጊዜ ማስተጋባት መጨመር፣ ኦቶቱን መንካት፣ የተበላሸውን ቦታ ቆርጦ መቀጠል ውድድሩን ራሱ ያስቀራል። ድምፅና ምስል በተለያየ ዕቃ መቅረጽ የተፈቀደ ከሆነ መጀመሪያ ላይ ካሜራው ፊት አንዴ አጨብጭቡ፤ የጭብጨባውን ምስልና ድምፅ ማገጣጠም ቀላል ነው። የሰልፊ ካሜራ ደግሞ አንዳንዱ ምስሉን ገልብጦ ያስቀምጣል፤ ቀኝ እጁ ክራር የሚመታ ሰው ግራኝ ሆኖ ይታያል። በስልኩ የኋላ ካሜራ ቅረጹ።

ፋይሉን በተመለከተ፣ በ16 ቢትና በ44.1 ኪሎ ኸርዝ የተቀዳ ያልታመቀ ስቴሪዮ ድምፅ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ተኩል ገደማ ይይዛል። የ10 ደቂቃ ፕሮግራም ድምፁ ብቻ ከ100 ሜጋባይት ያልፋል፤ ቪዲዮው ሲጨመር የኔትወርክ ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን ማታ አይጠበቅም። በቴሌግራም ለጓደኛ ወይም ለመምህር አስቀድማችሁ የምታሰሙ ከሆነ፣ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ቪዲዮ የሄደው ታምቆ ነው የሚደርሰው፣ የድምፅ መልእክትማ የባሰ ነው፣ መምህሩም የሌለ ጉድለት ያርማል። ቪዲዮውን ከጫናችሁ በኋላ ሊንኩን በሌላ ሰው ስልክ፣ በእናንተ አካውንት ሳይሆን፣ ከፍታችሁ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ አድምጡት። ለእናንተ የሚከፈት ሊንክ ለፈታኙ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል፣ መጫኑ መሀል ላይ የተቋረጠ ቪዲዮም ያለ ሁለተኛው ሥራ ሊደርሰው ይችላል።